ባለ ቀይ ቆቧ ልጅና ተኩላው፤ የአንድ ተረት ረጅም ጕዞ

«ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ መልሶ የማያውቅ ልጅ በአገራችን አይገኝም ለማለት ይቻላል። በምዕራብ አውሮፓም እንዲሁ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድ ሲዋረድ ኖሮ ከጊዜ በኋላ በመጽሐፍ፣ በመድረክና በፊልም አማካይነት ዓለምን ያዳረሰ አንድ ተረት አለ። ይኸውም የባለ ቀይ ቆቧ ልጅና የተኩላው ታሪክ ነው።

የተረቱ ፍሬ ነገር አጭር ነው። እናት ለታመመች አያት ስንቅ አስይዛ ልጅቷን ትልካለች። ልጅቷ በጫካ መንገድ ላይ ተኩላ ታገኛለች። ወዴት እንደምትሄድ ሲጠይቃትም የአያቷን ቤት አቅጣጫ ሳትቀር ትነግረዋለች። ተኩላው ቀድሞ ይደርስና የልጅቷን ድምፅ አስመስሎ በሩን ያስከፍታል፤ አሮጊቲቱን ይበላል፤ በአልጋዋም ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። ልጅቷ በደረሰች ጊዜ ስለ ጆሮው፣ ስለ ዓይኑ፣ በመጨረሻም ስለ ጥርሱ ትልቅነት እየተደነቀች ትጠይቀዋለች።

እስከዚህ ድረስ ተራኪዎች ሁሉ ከሞላ ጐደል ይስማማሉ። ከዚህ በኋላ ግን መንገዳቸው ይለያያል። ልጅቷ ተበልታ ትቀራለችን? ሌላ ሰው ደርሶ ያድናታልን? ወይስ በገዛ ብልሃቷ ታመልጣለች? ይህ ልዩነት እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ተረቱን የተናገረው ማን እንደ ሆነ፣ ለማን እንደ ተናገረውና አድማጩ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ እንዲያድግ እንደ ፈለገ የሚመሰክር ነው። ስለዚህ የተረቱን ጕዞ ከመነሻው ጀምሮ በየደረጃው መመልከት ይጠቅማል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከካቴድራሉ ትምህርት ቤት

ለዚህ ተረት ቅርበት ካላቸው ጽሑፎች መካከል ከጥንቶቹ አንዱ የተጻፈው ዛሬ ቤልጂግ በምትባለው አገር፣ በሊዬዥ ከተማ ነው። በዚያ በካቴድራሉ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረ ኤግበርት የተባለ መምህር፣ በ1022 እና በ1024 መካከል ለተማሪዎቹ በላቲን ቋንቋ አንድ የግጥም መጽሐፍ አዘጋጀ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከተኩላ ግልገሎች ስለ ተረፈች አንዲት ሕፃን የሚናገር አጭር ግጥም ይገኛል። ሕፃኒቱ በተጠመቀች ጊዜ የክርስትና አባቷ ከቀይ ሱፍ የተሠራ ቀሚስ ሰጥቷት ነበር። አምስት ዓመት ያህል ሲሆናት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ተኩላ ነጥቆ ወደ ጫካ ይወስዳትና ለግልገሎቹ ይሰጣታል። ግልገሎቹ ግን ሊቦጫጭቋት አልቻሉም፤ ይልቁንም ራሷን ይዳብሱ ጀመር። እርሷም ከክርስትና አባቷ ያገኘችውን ልብስ እንዳይቀዱባት በልጅነት አንደበት ትገሥጻቸዋለች።

መምህሩ በዚህ ታሪክ ለማስተማር የፈለገው የጥምቀትን ኃይል እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ይህ ግጥም የኋለኛው ተረት ቀጥተኛ አባት ነው ወይስ አይደለም በሚለው ጥያቄ ላይ ሊቃውንት አይስማሙም፤ በውስጡ አያትም ሆነች ማታለል የለምና። ሆኖም ትንሽ ልጅ፣ ቀይ ልብስና ተኩላ በአንድ ላይ መታየታቸው የሚያስገርም ነው።

በገበሬው ምድጃ ዙሪያ

ከመጽሐፉ ይልቅ የተረቱ እውነተኛ ቤት የገበሬው ምድጃ ነበር። በ1885 ገደማ አሺል ሚሊየን የተባለ የሕዝብ ተረቶች ሰብሳቢ በማዕከላዊ ፈረንሳይ፣ በኒዬቭር አውራጃ ከገበሬዎች አፍ የቀዳው ታሪክ አለ። ይህን ታሪክ ፖል ደላሩ የተባለ ፈረንሳዊ የተረት ሊቅ በ1951 አሳተመው። ደላሩ በፈረንሳይና በአጎራባቾቹ አገሮች ከተሰበሰቡት ብዙ ትረካዎች ጋር አስተያይቶ፣ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከመጽሐፍ የተወሰዱ ሳይሆኑ ከመጽሐፉ በፊት የነበረውን የአፍ ወግ የጠበቁ መሆናቸውን አስረድቷል።

በዚህ የገበሬ ትረካ ውስጥ ቀይ ቆብ ፈጽሞ አይገኝም። ተኩላውም ተራ ተኩላ ሳይሆን፣ ሰው ሆኖ ሳለ ወደ ተኩላነት የሚለወጥ ፍጡር ነው። በእኛም አገር አንዳንድ ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚል እምነት እንደ ነበረ ስለሚታወቅ ነገሩ ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም። ይህ ዓይነቱ እምነት በአውሮፓ ተረት ብቻ ሆኖ አልቀረም። በጀርመን አገር በኮሎኝ አቅራቢያ በ1589 ፔተር ሽቱምፕ የተባለ ገበሬ ተኩላ እየሆነ ሰው ይበላል ተብሎ ተከሰሰ፤ በሥቃይ ማሽን አስፈራርተው ቃሉን ከተቀበሉት በኋላም በአሠቃቂ ሁኔታ ገደሉት። የጨለማ እምነትና የሥቃይ ምርመራ በተጋጠሙበት ቦታ የሰው ሕይወት ምን ያህል እንደሚረክስ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ወደ ተረቱ እንመለስ። ተኩላው ልጅቷን በመስቀለኛ መንገድ ላይ አግኝቶ በየትኛው መንገድ እንደምትሄድ ይጠይቃታል፤ በእስፒሉ መንገድ ነው ወይስ በመርፌው? ይህ እንግዳ ጥያቄ ሊቃውንትን ለብዙ ጊዜ አስቸግሯል። ኢቮን ቨርዲዬ የተባለች ፈረንሳዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ባሳተመችው ጥናት መልሱን በገጠሩ ኑሮ ውስጥ ፈለገችው። በአንዳንድ የፈረንሳይ መንደሮች ልጃገረዶች ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላቸው የብርዱን ወራት ከልብስ ሰፊ ሴት ዘንድ ያሳልፉ ነበር። ሥራውንም፣ ራስን ማስጌጡንም፣ የአዋቂ ሴት ወግንም የሚማሩት እዚያ ነው። ስለዚህ እስፒልና መርፌ የልጅነትን መሰናበትና የሴትነትን መጀመር የሚያመለክቱ ናቸው በማለት አስረዳች። በእርሷም አስተያየት ተረቱ በዋነኛነት የሚናገረው ስለ አውሬ ሳይሆን፣ ሥራና ዕውቀት ከአሮጊቲቱ ወደ ወጣቲቱ ስለሚተላለፉበት መንገድ ነው።

ልጅቷ ከቤቱ በደረሰች ጊዜ ተኩላው የአያቷን ሥጋና ደም በሥጋና በወይን ጠጅ ስም ያቀርብላታል፤ እርሷም ሳታውቅ ትቀምሳለች። በቤቱ የነበረች ድመት ግን ነገሩን ታጋልጣለች። ከዚያም ስለ ጆሮና ስለ ጥርስ የሚደረገው የታወቀ ጥያቄና መልስ ይከተላል። በዚህ ጊዜ ልጅቷ ማን እንደ ተኛ ትረዳለች። አልጮኸችም፤ አልተንበረከከችምም። ወደ ደጅ መውጣት እንደሚያስፈልጋት ብቻ ትናገራለች። ተኩላው እንዳታመልጠው በእግሯ ላይ የሱፍ ገመድ አስሮ ይለቅቃታል። እርሷም በግቢው ውስጥ ገመዱን ፈትታ በአንድ የፕሪም ዛፍ ላይ ታስረውና ወደ ቤቷ ትሮጣለች። ተኩላው ተጠራጥሮ ቢከተላትም በሯን በዘጋች ቅጽበት ይደርሳል።

በገበሬው ተረት ውስጥ አዳኝ የለም፤ ባለ ጠመንጃም የለም። አደጋን የምታሸንፈው ራሷ ልጅቷ ናት፤ መሣሪያዋም አእምሮዋ ነው። ረኀብ፣ ተኩላና የመንገድ ወንበዴ በዕለት ተዕለት ኑሮው ውስጥ ለነበሩበት ገበሬ፣ ለልጁ ሊያወርሰው የሚችለው ከሁሉ የበለጠ ሀብት ይህ ነበር።

ከጎጆ ወደ ቤተ መንግሥት

ይህ የአፍ ወግ መልኩን የለወጠው ወደ ቤተ መንግሥት በገባ ጊዜ ነው። ሻርል ፔሮ በ1628 በፓሪስ ተወልዶ በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ዘመን ከታላቁ ሚኒስትር ከኮልቤር ሥር በከፍተኛ ባለ ሥልጣንነት ያገለገለ፣ ከ1671 ጀምሮም የፈረንሳይ አካዳሚ አባል የሆነ ሰው ነበር። በ1697 ስምንት ተረቶች የያዘ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ በልጁ ስም የወጣ ሲሆን የተበረከተውም ለንጉሡ የወንድም ልጅ ለኤሊዛቤት ሻርሎት ነበር። የባለ ቀይ ቆቧ ልጅ ተረት ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ነው።

ደላሩ እንዳመለከተው ቀዩን የራስ መሸፈኛ ለልጅቷ ያለበሳት ፔሮ ነው። ለቤተ መንግሥት ሰዎች ጆሮ የሚከብደውን የሥጋና የደም ነገር አወጣው። ከሁሉም በላይ ግን የተረቱን መጨረሻ ቈረጠው፤ ተኩላው አያቲቱንም ልጅቷንም ይበላል፤ ታሪኩም በዚያው ያበቃል። ከዚያም በግጥም የተጻፈ ምክር ይከተላል። የምክሩም ሐሳብ፣ ወጣት ሴቶች ከማንም ጋር መነጋገር እንደማይገባቸው፣ ከተኩላዎችም ሁሉ ይልቅ የሚያስፈሩት በለስላሳ አንደበት እየተሽሞነሞኑ እስከ ቤት ድረስ የሚከተሉት መሆናቸውን የሚያስገነዝብ ነው። ከዚህ እንደምንረዳው የፔሮ ተኩላ የጫካ አውሬ ሳይሆን በከተማና በቤተ መንግሥት አዳራሽ የሚመላለስ ባለ ጌታ ነው። በእኛ አነጋገር የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ ማለት ነው።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል። በፔሮ ትረካ ውስጥ ቅጣቱን የተቀበለው ማን ነው? አጥፊው ተኩላ ጠግቦ ሲተኛ፣ ቅን ልብ ያላት ልጅ ግን በመታለሏ ብቻ ትሞታለች። ጥፋቱ ከአታላዩ ወደ ተታላዩዋ ተላልፏል። ይህ ፍርድ ትክክል ነውን? ተረቱን ከዚያ ወዲህ የጻፉት ሰዎች ሲታገሉት የኖሩት ጥያቄ ይህ ነው።

ፔሮ ተረቱ በቃል እንዲነገር አስቦ እንደ ነበረ የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ አለ። መጽሐፉ ከመታተሙ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1695 የተዘጋጀው የእጅ ጽሑፍ ዛሬ በኒው ዮርክ ከተማ በሞርጋን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ ኅዳግ ላይ፣ የተኩላው የመጨረሻ ቃል ልጁን ለማስደንገጥ በኃይለኛ ድምፅ መነገር እንዳለበት የሚያሳስብ ማስታወሻ ተጽፏል። ማንኛዋም አያት ይህን ማስታወሻ ሳታነብ የምታውቀው ጥበብ ነው።

በናፖሌዎን ዘመን በጀርመን አገር

ከመቶ ዓመት በኋላ ተረቱ ራይንን ተሻገረ። በ1800 ሉድቪግ ቲክ የተባለ ጀርመናዊ ደራሲ ቲያትር አድርጎ ጻፈው። በዚህ ቲያትር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተኩላውን በጥይት የሚገድል አዳኝ ብቅ ይላል፤ የሚደርሰው ግን ልጅቷ ከሞተች በኋላ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የመጡት ያዕቆብና ቪልሄልም ግሪም የተባሉት ወንድማማቾች ናቸው። የሚኖሩባት የካሰል ከተማ በናፖሌዎን ጦር ተይዛ፣ ከ1807 እስከ 1813 የናፖሌዎን ወንድም ዤሮም ለሚገዛው የቬስትፋሊያ መንግሥት መናገሻ ሆና ነበር። ያዕቆብ ራሱ የዚሁ ንጉሥ የቤተ መጻሕፍት ኀላፊ ሆኖ ይሠራ ነበር። ወንድማማቾቹ በባዕድ አገዛዝ ሥር ሳሉ የሕዝባቸውን ቋንቋና ወግ ከመጥፋት ለማዳን ተረቶችን ይሰበስቡ ጀመር። የመጀመሪያው ቅጽ በዲሴምበር 1812 ታተመ፤ የባለ ቀይ ቆቧ ልጅ ተረትም በዚሁ ቅጽ 26ኛው ነው።

አንባቢን የሚያስገርመው ግን ይህ «የጀርመን ሕዝብ ተረት» ከማን አፍ እንደ ተወሰደ ማወቅ ነው። ብዙ ተረቶችን የነገረቻቸው አንዲት አሮጊት የቤት አገልጋይ ናት ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። በ1975 ግን ሃይንስ ሮለከ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ባደረገው ምርመራ፣ ተራኪዋ አገልጋይቱ ሳትሆን የተማረችው ወጣት ማሪ ሃሰንፍሉግ መሆኗን አረጋገጠ። የባለ ቀይ ቆቧን ልጅ ዋና ትረካ የሰጠችው እኅቷ ዣኔት ስትሆን፣ ማሪ ደግሞ ተጨማሪውን መጨረሻ ሰጥታለች። የእነዚህ እኅትማማቾች ቤተሰብ በእናታቸው በኩል ከሁጉኖዎች፣ ማለትም በሃይማኖታቸው ምክንያት ከፈረንሳይ ተሰደው በጀርመን ከሰፈሩ ፕሮቴስታንቶች የሚወለድ ነበር። እንግዲህ ወንድማማቾቹ የፈረንሳይን አገዛዝ ለመቋቋም የሰበሰቡት ተረት ራሱ ከፈረንሳይ የመጣ ስደተኛ ነበር። ተረት ድንበር አያውቅም፤ ይለፍ ወረቀትም አይጠየቅም።

ግሪሞች ተረቱን በሦስት ነገሮች ለወጡት። አንደኛ፣ እናት ልጅቷን ከመንገድ እንዳትወጣ አጥብቃ ታዝዛለች፤ ልጅቷም አበባ ለመልቀም ስትል ትእዛዙን ትተላለፋለች። ሁለተኛ፣ አዳኝ በጊዜ ደርሶ የተኩላውን ሆድ ቀድዶ አያትንና የልጅ ልጅን በሕይወት ያወጣቸዋል። በተኩላው ሆድ ውስጥም ድንጋይ ይሞላበታል። ይህ ክፍል «ተኩላውና ሰባቱ ግልገሎች» ከሚባለው ሌላ ተረት ጋር የሚመሳሰል ነው። ሦስተኛ፣ ልጅቷ ዳግመኛ ከመንገድ እንደማትወጣ ለራሷ ቃል ትገባለች። በገበሬው ዘንድ ብልሃት የነበረው ትምህርት እዚህ ታዛዥነት ሆኗል፤ ራሷን ያዳነችው ልጅም ባለ ጠመንጃ የሚያድናት ሆናለች።

ይሁን እንጂ በብዙ የልጆች መጻሕፍት ውስጥ ስለሚቀር የተረሳ አንድ ክፍል አለ። ይኸውም ማሪ የሰጠችው ሁለተኛው መጨረሻ ነው። ልጅቷ በሌላ ቀን ሌላ ተኩላ ታገኛለች፤ በዚህ ጊዜ ግን አታወራውም፤ በቀጥታ ሄዳ ለአያቷ ትነግራታለች። ሁለቱም በሩን ዘግተው ይቀመጣሉ። ተኩላው ጣራ ላይ ወጥቶ ሲጠብቅ፣ አያቲቱ የሥጋ ቋሊማ የተቀቀለበትን ውሃ በደጃፍ ባለው የድንጋይ ገንዳ ውስጥ እንድትሞላ ልጅቷን ታዝዛታለች። ተኩላው በሽታው ተስቦ አንገቱን ሲያሰግግ ተንሸራትቶ ይወድቅና ይሰምጣል። አሮጊትና ሕፃን ያለ ማንም እርዳታ አሸነፉ ማለት ነው።

ሊቃውንትና ተረቱ

ተረቱ በታወቀ መጠን ተርጓሚም በዝቶለታል። በ1951 ኤሪክ ፍሮም፣ በ1976 ደግሞ ብሩኖ ቤተልሃይም የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት የልጅቷን ወደ ሴትነት መሸጋገር የሚገልጽ ምሥጢራዊ ቋንቋ በውስጡ እንዳለ ጻፉ። ለፍሮም ቀዩ ቆብና የወይን ጠጁ ጠርሙስ የዚሁ ምልክቶች ናቸው። አሜሪካዊው የታሪክ ሊቅ ሮበርት ዳርንተን በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አስተያየት ነቀፈ። ምክንያቱም ገበሬዎቹ በሚናገሩት ተረት ውስጥ ቆቡም ጠርሙሱም የሉም፤ ሊቃውንቱ የፈቱት በኋላ ዘመን የተጨመረውን ነው። ይህ ነቀፋ ለማንኛውም ተመራማሪ ትምህርት ይሆናል፤ የሕዝብን ሐሳብ ለማወቅ የሚፈልግ አስቀድሞ ሕዝቡ ራሱ ምን እንዳለ መስማት አለበትና።

በ2013 በእንግሊዝ አገር በደራም ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ጄሚ ተህራኒ ሌላ ዘዴ ሞከረ። የሕያዋን ፍጥረታትን ዝምድና ለማወቅ የሚያገለግለውን የሥነ ሕይወት ስሌት ወስዶ ከአውሮፓ፣ ከአፍሪካና ከእስያ በተሰበሰቡ 58 ትረካዎች ላይ ተጠቀመበት። ከጥናቱ እንደ ተገኘው የባለ ቀይ ቆቧ ልጅና የሰባቱ ግልገሎች ተረቶች የሚዛመዱ ቢሆኑም ሁለት የተለያዩ ቤተሰቦች ናቸው። አውሬ ወይም ጭራቅ የዘመድ ድምፅ እያስመሰለ በር ስለሚያስከፍትባቸው የአፍሪካ ተረቶችም ሲናገር፣ በአብዛኛው ወደ ግልገሎቹ ቤተሰብ የሚጠጉ መሆናቸውን አሳይቷል። የምሥራቅ እስያዎቹ ደግሞ ከሁለቱም የተቀላቀሉ ሆነው ተገኝተዋል።

በየዘመኑ የለበሰችው ልብስ

ተረቱ በ1729 በሮበርት ሳምበር አማካይነት ወደ እንግሊዝኛ ከተተረጐመ ወዲህ ዕረፍት አላገኘም። ታላቁ ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ የልጅነቱ የመጀመሪያ ፍቅር ይህች ልጅ እንደ ነበረች በ1850 ጽፏል። በ1939 ጄምስ ተርበር የተባለ አሜሪካዊ የቀልድ ጸሐፊ፣ ልጅቷ በአልጋ ላይ የተኛው ተኩላ መሆኑን ገና ከሩቅ ለይታ ከቅርጫቷ ሽጉጥ አውጥታ እንደ ገደለችው አድርጎ ተረከው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል በ1943 ቴክስ ኤቨሪ ያዘጋጀው አጭር የካርቱን ፊልም ደግሞ ልጅቷን የምሽት ክበብ ዘፋኝ፣ ተኩላውን ገንዘቡን የሚበትን የከተማ ቅምጥል አደረጋቸው፤ በግንባር በነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች ዘንድም እጅግ ተወደደ።

በሶቭየት ኅብረት በ1958 በተሠራ የካርቱን ፊልም ውስጥ ልጅቷን የሚያድናት ፔትያ የተባለ የአቅኚዎች ማኅበር አባል ልጅ ነው። በ1977 በቤሎሩስ ፊልም ድርጅት የተሠራው የቴሌቪዥን ፊልም ደግሞ ከተረቱ መጨረሻ ይጀምራል፤ የተገደለው ተኩላ እናት ልጅቷን ለመበቀል ስታሤር ያሳያል። በእንግሊዝ አገር አንጄላ ካርተር በ1979 ልጅቷን ተኩላን የማትፈራ ወጣት አድርጋ ጻፈቻት፤ ይኸው ድርሰት በ1984 ፊልም ሆነ። ኤድ ያንግ በ1989 ያሳተመው የቻይና ትረካ ደግሞ፣ ሦስት እኅትማማቾች አያታቸውን መስሎ የገባውን ተኩላ በቅርጫት ወደ ዛፍ እየሳቡ መልሰው በመጣል እንዴት እንደ ገደሉት ይናገራል።

አንዳንዴም ክርክሩ ያስቃል። በ1990 ገደማ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ሁለት የትምህርት አስተዳደሮች የተረቱን አንድ መጽሐፍ ከትምህርት ቤት አስወጡት። ምክንያቱ አያት መበላቷ አልነበረም፤ በቅርጫቱ ውስጥ የወይን ጠጅ ጠርሙስ በሥዕሉ ላይ በመታየቱ ነው።

ከተረቱ የሚገኘው ቁም ነገር

ይህን ሁሉ ዘመን የተሻገረው ተረት ዋና ነገሩ ምንድን ነው? ተኩላው ልጅቷን ያሸነፈው በጥርሱ አይደለም፤ በጥያቄው ነው። ወዴት ትሄጃለሽ? አያትሽ የት ትኖራለች? ምን ይዘሻል? ልጅቷ ለእያንዳንዱ መልስ ሰጠች፤ ጥርሱ የመጣው በኋላ ነው። በሌሊት ጥበቃ የቆመ ወታደር ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። የምሥጢር ቃል የሚጠየቀው የሰው ድምፅ ሊመሰል ስለሚችል ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው የአባቶች ብሂልም ከዚሁ የመጣ ነው።

ይሁን እንጂ ጥርጣሬ ብቻውን አይበቃም። ልጅን ከሰው ሁሉ እንዲሸሽ አድርጎ ማስፈራራት ቀላል ነው፤ ፔሮም ያደረገው ይህንኑ ነው። አዳኝ መጥቶ ያድንሃል ብሎ ማጽናናትም ቀላል ነው፤ ግሪሞች በመጀመሪያው መጨረሻቸው እንዲሁ አድርገዋል። ነገር ግን አዳኙ ሁልጊዜ በሰዓቱ አይደርስም። የኒዬቭር ገበሬዎች ለልጆቻቸው የነገሩት ከሁለቱም ይሻላል፤ ብትታለልም እንኳ ነገሩን በተረዳህ ቅጽበት አትደንግጥ፣ አስብ፣ ገመዱንም ፍታ የሚል ነውና። የተታለለ ልጅ ጥፋተኛ አይደለም፤ ጥፋተኛው አታላዩ ነው። ልጁ ሊማር የሚገባው ግን ገመዱ እንዴት እንደሚፈታ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጆች በምድጃው ዙሪያ ተሰብስበው ተረት ሲጠይቁ፣ ተራኪው የሚመርጠው መጨረሻ ቀላል ነገር አይምሰለው። ልጅቷን በተኩላው ሆድ ውስጥ ትቶ ሊያስተኛቸው ይችላል። ገመዱን በፕሪም ዛፍ ላይ አስራ፣ በጨለማ ውስጥ ሮጣ፣ በሯን ከውስጥ እንደ ዘጋች ነግሮ ሊያስተኛቸውም ይችላል።